መጀመሪያ አቲኩን፣ ከዚያ ሂት ፓምፑን

እዚህ አሜሪካ በታክስ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዘመዳችን ቢሮ እየሄድኩ ወረቀት በማደራጀት አግዛቸዋለሁ። ዘንድሮ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነ፦ «እኅቴ፣ ሂተር ቀይረን ነበር፤ የሚመለስ ነገር አለው አሉ?» መልሴ «አለው» ነው፤ «ነበረው» ብል ግን ይሻላል።

በ2022 በባይደን ጊዜ በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2023 ጀምሮ ቤቱን ኃይል ቆጣቢ ለሚያደርግ ሰው ከወጪው 30 በመቶው በታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከታክሱ ላይ በሚቀነስ ገንዘብ፣ ይታሰብለት ነበር። ለሂት ፓምፕ (ቤት ለሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሽን) በዓመት እስከ 2,000 ዶላር፤ ለኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ ለሚያግደው ልባስ)፣ ለመስኮት፣ ለበርና ለመሳሰለው ደግሞ ተደምሮ እስከ 1,200 ዶላር። ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 2025 ትራምፕ የፈረሙት ሕግ መጣና ዕድሜውን አሳጠረው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተገጠመ ዕቃ ይህ ክሬዲት የለም። የሚታየው ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን አይደለም፤ ዕቃው ተገጥሞ ሥራ የጀመረበት ቀን ነው። ዲሴምበር ላይ ቀብድ ከፍለው፣ ኮንትራክተሩ «ከበዓሉ በኋላ እንመጣለን» ብሏቸው ጃንዋሪ ላይ ያስገጠሙ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የፈረሙበትን ቀን በጣታቸው ሲያሳዩኝ ምን ልበላቸው?

በ2025 ያስገጠማችሁ ግን የ2025ን ታክስ ስታሠሩ የዚህ ክሬዲት መጠየቂያ የሆነው ፎርም 5695 እንዲሞላላችሁ ጠይቁ። በ2023 ወይም በ2024 አስገጥማችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ያለፋችሁም አላችሁ። ለእናንተ በሩ አልተዘጋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ታክሱን ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ 1040-ኤክስ በሚባለው የማሻሻያ ፎርም ማስተካከል ይቻላል። ደረሰኛችሁን ፈልጉ።

ሰው የሚደናገርበት ሌላም ነገር አለ። «እኔ በየዓመቱ ሪፈንድ ነው የማገኘው፣ የምከፍለው ታክስ ስለሌለ አይሠራልኝም» የሚል ብዙ ነው። ሪፈንድ ማግኘትና ታክስ አለመኖር ለየቅል ናቸው። መታየት ያለበት የዓመቱ ታክሳችሁ በጠቅላላ ስንት ነው የሚለው ነው፤ ከደመወዛችሁ በየሁለት ሳምንቱ ሲቆረጥ የከረመውም የዚያ ክፍያ ነው። ታክሳችሁ 5,000 ከሆነና ክሬዲቱ 2,000 ከሆነ፣ ታክሱ 3,000 ይሆናል፤ በዓመቱ ውስጥ በትርፍ የተቆረጠው ይመለስላችኋል። ታክሳችሁ በጠቅላላ 900 ብቻ ከሆነ ግን ክሬዲቱም እዚያው 900 ላይ ይቆማል። የተረፈው በጥሬው አይሰጥም፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አይሻገርም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች በዚህ በኩል ብዙም አልተጠቀሙም። ቤት ገዝቶ የሚያከራይ፣ ራሱ ግን የማይኖርበት ሰውም አይመለከተውም። ሕጉን ሳየው መሐል ላይ ላለው ሰው የተሰፋ ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው፤ ቤቱ በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ፈርነስ ሲያረጅ የዋጋ ግምት ሊሰጡን የመጡት ሁሉ ዓይናቸው ቤዝመንት ላይ ነበር። አንዱ ሻጭማ አቲኩን፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ፣ ቀና ብሎ ሳያይ «ትልቁን አስገቡ፣ መንግሥት ይከፍልላችኋል» አለን። ባለቤቴ እሺ ሊል ጥቂት ነበር የቀረው። እኔ ግን መጀመሪያ ቤቱ ይመርመር ብዬ አልንቀሳቀስም አልኩ። ክሬዲቱ የሰውን ዓይን ወደ ማሽን ይጎትታል፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው ግን በጣሪያ ነው።

መርማሪው የውጭውን በር ከፍቶ በሸራ ሸፈነውና ሸራው ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጠመ። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ የውጭው አየር ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። መርማሪው ትንሽ ጭስ የምታወጣ ነገር ይዞ እየዞረ ያሳየን ጀመር፤ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ ሥር፣ በጣሪያው አምፖሎች ዙሪያ፣ ከሁሉም ይልቅ ኮሪደሩ ላይ ባለችው የአቲክ መግቢያ ክዳን ጠርዝ። ጭሱ እዚያ ሲደርስ ተገፍቶ ወደ ታች ይገለበጣል። ከደሴ የመጡት እናቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ሲያዩ ቆዩና «አዬ ልጄ፣ ለካ ገንዘባችሁን በጣሪያ ነው የምትበትኑት» አሉ። መርማሪው አማርኛ አይሰማም እንጂ ሪፖርቱ ላይ ከጻፈው ብዙም አይለይም።

ስለዚህ በ2024 አቲኩን ብቻ አሠራን፤ ቀዳዳውን በፎም መድፈን፣ ከዚያ በላዩ ኢንሱሌሽን መንፋት። እዚህ ላይ ኢንቮይሱን በደንብ እዩ። ለኢንሱሌሽን ክሬዲቱ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፤ የጉልበቱ አይገባም። ለሂት ፓምፕ ግን የማስገጠሚያው ዋጋም ይገባል። ኮንትራክተራችን መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ድምር ጽፎ ሰጠን፤ ዕቃውንና ጉልበቱን ለይተህ ጻፍልን ስንለው ያለ ምንም ክርክር ለይቶ ጻፈ። የዕቃው ዋጋ የመብራት ኩባንያው ሪቤት (ከዋጋው ላይ የሚመልስልን ገንዘብ) ተቀንሶ 1,500 ዶላር ሆነ፤ 30 በመቶው 450።

ሂት ፓምፑን በ2025 አስገጠምን። ቤቱ ከታሸገ በኋላ የማሽኑ መጠን ስሌት እንደገና ሲሠራ፣ ያ ሻጭ ከነገረን ያነሰ ማሽን በቂ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው 13,400 ነበር፤ ከመብራት ኩባንያው የተሰጠን 1,600 ሪቤት መጀመሪያ ይቀነሳል፣ 11,800። 30 በመቶው 3,540 ቢሆንም ከፍተኛው መጠን 2,000 ነውና 2,000 ተያዘ። ሪቤቱን ሳይቀንሱ በሙሉ ዋጋው ማስላት አይቻልም፤ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ሪቤቱን እንደ ዋጋ ቅናሽ ነው የሚያየው። ሂት ፓምፕ ሁሉ ደግሞ ክሬዲቱን አያገኝም ነበር፤ የውጤታማነት መስፈርት ነበረው። ውጭ የሚቀመጠውና ውስጥ ያለው ክፍል ተጣምረው የተመዘገቡበት የአህሪ ሰርተፊኬት የሚባል ወረቀት አለ፤ ያልተቀበላችሁ ኮንትራክተሩን ጠይቁት። በ2025 ለተገጠመ ሂት ፓምፕ በተጨማሪ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ የአምራቹ መለያ ኮድ ፎርሙ ላይ ይጠየቃል።

ማሽኑ ራሱ ለእናቴ አልተዋጠላቸውም። የጋዙ ፈርነስ ሲነሳ ፊት የሚለበልብ አየር ነበር የሚለቀው። ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም፤ ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት እያወጣ በጀርባው እንደሚጥለው፣ ይሄም ከውጭው ብርድ ውስጥ ያለችውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። የሚነፍሰው ለብ ያለ ነው፤ ግን ሳያቋርጥ ይሠራል። እጃቸውን ማናፈሻው ላይ አድርገው «ተበላሽቷል እኮ፣ ጥሩት ያንን ሰውዬ» አሉ። የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ቴርሞስታቱ፣ 70 ፋረንሃይት ይላል፣ ቤቱም 70 ነው። እሳቸው ግን እሳት ይፈልጋሉ።

ይባስ ብሎ ለቁጠባ ብለው ማታ ማታ ወደ 62 ያወርዱትና ጠዋት በአንዴ ወደ 72 ይሰቅሉታል። ለጋዝ የማይከፋ ዘዴ ነው። ሂት ፓምፑ ግን ያን ያህል ልዩነት በአንዴ መሙላት ሲያቅተው በውስጡ ያለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስነሳል፤ ቴርሞስታቱ ላይ «ኦግዚለሪ» (ረዳት ማሞቂያ) የሚል ጽሑፍ ይበራል። ያ ጽሑፍ በበራ ቁጥር የመብራት ቆጣሪው ይሮጣል። «እማዬ፣ አይነካ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጥ» ብዬ ለመንኳቸው። አሁን አይነኩትም፤ ጋቢውን ግን አላወለቁም።

እንግዲህ የፌዴራሉ ክሬዲት ከሄደ ምን ቀረ? ሪቤት ቀረ። ከዚያው ከ2022ቱ ሕግ የመጣ፣ ክፍለ ግዛቶች የሚያስተዳድሩት ሪቤት አለ፤ ገቢያቸው ዝቅና መካከለኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሲሆን፣ በሕጉ ላይ ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000 ዶላር፣ ለአንድ ቤት በጠቅላላ እስከ 14,000 ይደርሳል። ክሬዲቱ ያልጠቀመውን ሰው የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ ታክስ ኖራችሁ አልኖራችሁ አይጠይቅም። የሚጠየቀው ግን ከመግዛታችሁ በፊት ነው፤ ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ መሄድ አይሠራም። ሁሉም ክፍለ ግዛት በእኩል ስላልጀመረ የየክፍለ ግዛታችሁን የኢነርጂ ቢሮ ድረ-ገጽ እዩ።

ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የመብራት ቢላችሁን አውጡና «ኤምፓወር ሜሪላንድ» የምትለውን መስመር ፈልጉ። በ2008 ከወጣው ሕግ የመጣች ክፍያ ናት፤ የመብራት ኩባንያዎች የሚሰጡት ሪቤት ከዚያ ነው የሚወጣው። በየወሩ እየከፈላችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት። የሪቤቱ መጠን ስለሚለዋወጥ ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት ኩባንያው ጋ ደውሉ፤ ሪቤቱን የሚሰጡት በእነሱ ዝርዝር ላይ ያለ ኮንትራክተር ሲሠራው መሆኑንም ጠይቁ። ፈጣን የቤት ፍተሻ የሚባለው ነጻ ነው፤ ለተከራይም ይሠራል።