ዕዳውን በወግ የከፈለው ሰው

ባለፈው ሐሙስ ማታ ፒያሳ በተሰናዳ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ወግ አቀረብሁ። ስንበተን አንድ ወጣት ከኋላዬ ለጓደኛው «ሰው ማሳቅም ሥራ ሆኖ!» ሲለው ሰማሁ። ዞሬ ልመልስለት አስቤ ተውሁት። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ግን እስከ ለገሃር ድረስ የአሜሪካዊውን ቀልደኛ ደራሲ የማርክ ትዌይንን ነገር በልቤ ስነግረው ሄድሁ።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ እቆጥራለሁ። ሰውዬው በ1866 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ስለ ሃዋይ ደሴቶች ሊናገር አዳራሽ ተከራየና «በሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፤ ጣጣው 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ውስጡ ግን በፍርሃት ርዶ ነበርና ወዳጆቹን በተመልካቹ መካከል አስቀምጦ እንዲስቁለት ለመናቸው። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት በባቡር ከከተማ ከተማ ዞረ። ንግግሩን በቃሉ አጥንቶ፣ እዚያው የመጣለት አስመስሎ ያወራዋል። ከሳቁ በፊት የምትመጣው ዝምታ ልኳን ካላገኘች ነገሩ ሁሉ እንደሚበላሽም ጽፏል። እውነቱን ነው። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ የምለማመደው ከቃሉ ይልቅ ይህችን ዝምታ ነው።

በ1894 አሳታሚ ድርጅቱ ከሰረ። ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ መኪናም ከንቱ ሆነ። እርሱና ሚስቱ ኦሊቪያ ግን ዕዳውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እንከፍላለን አሉ። በ1895 ክረምት፣ 60 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እግሩን ብጉንጅ እያሠቃየው ከክሊቭላንድ ተነሣ። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ)፣ ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፤ በየደረሰበት መድረክ ላይ ወጥቶ አሳቀ። አባቶቻችን አድዋ ላይ በተዋደቁበት ቀን እርሱ ሕንድ ነበር።

ጉዞው አልቆ እንግሊዝ አገር ባረፈበት፣ በነሐሴ 1896፣ አሜሪካ የቀረችው ልጁ ሱዚ በ24 ዓመቷ በማጅራት ገትር ሞተች። እናቷና እህቷ ክላራ መታመሟን ሰምተው በመርከብ እየገሰገሡ ነበር፤ አልደረሱላትም። አባቷ መርዶውን የሰማው በቴሌግራም ነው። ከሐዘኑ ጋር ለንደን ተቀምጦ የጉዞውን መጽሐፍ ጻፈ። በ1898 ዕዳው ተከፍሎ አለቀ።

ለገሃር ስደርስ ታክሲው ሞልቶ ሊሄድ ነበርና ሮጬ ገባሁ። ያ ወጣት በሚቀጥለው ወር ከመጣ አጠገቤ አስቀምጬ ይህንኑ እነግረዋለሁ።