የአዘዞው በር ለምን ሆድ አወጣ

ብየዳ ከጀመርኩ ዘጠኝ አመት ሊሞላኝ ነው፣ ጎንደር ውስጥ ነው የምሰራው፣ እና ከሰራሁት ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ አንድ ያበላሸሁት በር ስለሆነ እሱን ልንገራችሁ። በተለይ አሁን የላሜራ በር መስራት የጀመራችሁ ልጆች አንብቡት፣ በዚህ ዋጋ ላሜራ ሁለቴ መግዛት ያማል።

ታህሳስ መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ከአዘዞ መጡ። የግቢ በር፣ ባለ ሁለት ተከፋች፣ ወርዱ 3 ሜትር ቁመቱ 2 ሜትር ከ20። "ልጄ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብኛል፣ ከጥር 10 በፊት ካልተተከለልኝ አልፈልገውም" አሉኝ። ጎንደር ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ጥምቀት ሲደርስ ሁሉም ቤቱን ያሳድሳል፣ ቀለሙ በሩ ምኑ፣ እኛም ያን ሰሞን እንቅልፍ የለንም። "እሺ እትዬ ይደርሳል" ብዬ ቀብድ ተቀበልኩ።

ፍሬሙን በ40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ማለትም ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ሰራሁት፣ በስኳድራ (የጥግ ማስተካከያ) ይዤ ጥግ ጥጉን ነጥብ ነጥብ፣ ማለትም በትንንሹ ብቻ እየበየድኩ ስለሆነ ያሰርኩት እሱ ላይ ምንም አልነበረም። ጉዱ የመጣው ላሜራው ላይ ነው፣ 1.5 ሚሊ ነበር። ከሰአት መብራት ይጠፋል ስለተባለ ቸኮልኩና ከላይኛው ጥግ ጀምሬ እስከ ታች ሳላቋርጥ በየድኩት፣ አንዱን ጎን ጨርሼ ወደሚቀጥለው፣ አምፔሩንም (የማሽኑን የኤሌክትሪክ መጠን) ቶሎ እንዲሄድልኝ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ወደ 100 ከፍ አድርጌው ነበር። ስፌቱ ለአይን ያምር ነበር። ሲበርድ ግን "ቷ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ዞር ስል ላሜራው መሃል ላይ ሆድ አውጥቷል፣ በእጄ ስጫነው ወደዚያ ይገባል፣ ስለቀው ተመልሶ ይወጣል። ፍሬሙም ተጠማዞ ነበር፣ መሬት ላይ ሳስተኛው አንዱ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ተነስቶ ቀረ።

መጀመሪያ በመዶሻ ልመልሰው ሞከርኩ፣ ባሰበት። ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰፋል፣ ስለዚህ ሆዱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ማራኪ አካባቢ የሚሰሩ አንድ የድሮ በያጅ ጋ ሄጄ "ጋሼ እባክዎ ይዩልኝ" አልኳቸው። መጡ፣ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱትና "ይኸውልህ፣ ብየዳው ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ላሜራውን ይጎትታል፤ አንተ ደግሞ ሙሉ ጎኑን ባንድ ጊዜ አስጎተትኸው፣ ላሜራው የት ይሂድ?" አሉኝ። ይቺን ያኔ ነው የገባችኝ፣ ከዛ በፊት ብየዳ ማለት ማጣበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሙሉ ቀን በግራይንደር ስፌቱን ቆርጬ አወጣሁ፣ ሁለት ዲስክ ጨረሰብኝ። ከዛ እሳቸው እንዳሳዩኝ ፍሬሙን ጠፍጣፋ ቦታ አስተኝቼ ከጥግ ጥግ በሜትር ለካሁ። አንዱ ተከፋች ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ስለሆነ ሁለቱም ሰያፍ 2 ሜትር ከ66 መምጣት አለበት፣ አንዱ ከበለጠ ፍሬሙ ዘሟል ማለት ነው። ከላሜራው ጀርባ ሁለት አግዳሚ ቱቦላሬ ጨመርኩ። ላሜራውን መጀመሪያ የየጎኑ መሃል ላይ ነጥብ አደረግሁ፣ ከዛ ከመሃል ወደ ጥግ፣ 3 ሳንቲ በይዶ 15 ሳንቲ መዝለል፣ ቀጥሎ ተቃራኒው ጎን መሄድ፣ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ሙቀት እንዳይከማች። አምፔሩን 70 ላይ አወረድኩት። የበየድኩት ቦታ በእጅ ለመንካት እስኪበርድ ድረስ እዛው አካባቢ አልመለስም፣ ትእግስት ይጠይቃል ግን ላሜራው ፀጥ ብሎ ተቀመጠ። ጥር 9 በአይሱዙ ጭነን አዘዞ ተከልነው፣ እትዬም መርቀውኝ ነው የሸኙኝ።

በዛው ስራ ላይ ሌላም ስህተት ሰርቻለሁ። ለማጠፊያው ምሰሶ የተረፈ የውሃ ቧንቧ፣ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) የሆነውን፣ ሱቅ ውስጥ በሩን ዘግቼ በየድኩ። ማታ አፌን ብረት ብረት አለኝ፣ ብርድ ብርድ ብሎኝ ሳንቀጠቀጥ አደርኩ፣ ወባ የያዘኝ ነበር የመሰለኝ። የዚንኩ ጭስ ነው እንደዛ የሚያደርገው። ጓደኞቼ ወተት ጠጣ አሉኝ፣ ጠጣሁ፣ ምንም አልረዳኝም፣ በማግስቱ በራሱ ለቀቀኝ። ወንድሞቼ፣ ወተቱን ለቁርስ አድርጉት እንጂ ከጭስ ያድነናል ብላችሁ አትመኩ። እኔ አሁን የሚበየደውን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር ገፍፌ፣ ውጭ አውጥቼ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊቴ ወደ ጎን እንዲወስደው ሆኜ ነው የምሰራው፣ የሚያግዘኝንም ልጅ ከነፋሱ ስር አላቆመውም።