ሮም ላይ የፍሳሽ ቦይ ስንቆፍር የወጣው ግድግዳ

ሮም ውስጥ ኮንስትራክሽን የምትሠሩ ልጆች ይቺን አንብቡልኝ። መሀል ከተማ አንድ አሮጌ ሕንፃ አጠገብ የፍሳሽ ቱቦ ልንቀይር እየቆፈርን ነው፣ እስካቫተሩ ይዝቃል እኔ ጠርዙን በአካፋ አስተካክላለሁ፣ እዛ ሰፈር ሲቆፈር አርኪዮሎጂስት ቆማ ታያለች የኛዋ ግን በዛ ሰዓት ሌላ ሳይት ሄዳለች። ባልዲው ፋቅ ሲያደርገው ትንንሽ ድንጋዮች ታዩኝ፣ በማዕዘናቸው ቆመው ልክ እንደ ዓሣ መረብ የተሰካኩ። የጥንት ሮማውያን ግንብ እንደዛ ነው፣ ከዚህ በፊትም አይቼ አውቃለሁ። "ቁም!" ብዬ ጮህኩ።

ካቦው መጣና "አፈር መልሱበት፣ ዛሬ ቱቦው መግባት አለበት" አለ። ሥራ ከቆመ ብር እንደሚበላ ይገባኛል፣ ግን የጣልያን ሕግ ያገኘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ፣ የተገኘውም ባለበት ይቆይ ነው የሚለው። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጠፋልኝ፣ እኔም ለአርኪዮሎጂስቷ ደወልኩላት።

መጥታ ቦዩ ውስጥ ተንበርክካ በትንሽ ማንካ ስትፍቅ ከግድግዳው ሥር ጣት የማታክል ጥቁር የአመድ መስመር ወጣች። "ድንጋዩ የትም አይሄድም፣ ቤቱ መቼ እንደተቃጠለ የምትነግረኝ ይቺ ናት፣ አንዴ በአካፋ ከገለበጣችኋት ግን አለቀ" አለችኝ። እኔ እስከዛ ቀን ቅርስ ማለት ድንጋዩ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አፈሩን ማን ያስበዋል።

ካቦውን ለማረጋጋት የሜትሮ ሲን፣ የሮምን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር፣ ነገር አነሳችለት። በ2016 እ.ኤ.አ. አምባ አራዳም ጎዳና ጋ ለባቡር ጣቢያ ሲቆፈር 9 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የአፄ ሃድሪያን ዘመን የወታደሮች ካምፕ ተገኘ፣ 39 ክፍል፣ ወለሉ ሞዛይክ። ነቅለው አንስተው ጣቢያው ሲያልቅ መልሰው እዛው አስገቡት፣ አሁን ፖርታ ሜትሮኒያ የሚባለው ጣቢያ ነው። የጎዳናው ስም የኛው የእንደርታው አምባ አራዳም ነው፣ የፋሺስት ጦር በ1936 እ.ኤ.አ. እዛ ስላሸነፈ የሰየሙት፣ ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል። ለራሳቸው ወታደር መኝታ እንደዛ ሲጠነቀቁ ሳይ ደግሞ የኛ አገር ሳይቶች ላይ አክሱምም ጎንደርም ይሄ ጥንቃቄ ቢኖር እላለሁ፣ እውነቴን ነው።

የኛ ግድግዳ ተለክቶ ፎቶ ተነስቶ በጨርቅና በአሸዋ ተሸፈነ፣ ቱቦው በሌላ በኩል ዞሮ ገባ። ካቦው ተኮሳትሮብኝ ሰነበተ፣ ኦፕሬተሩ ግን አሁን ከመቆፈሩ በፊት የአርኪዮሎጂስቷን ስልክ ይጠይቃል።