ወሩን ሙሉ የያዘችኝ ቃል፦ ደሬቾ

የቃላትን አመጣጥ መከታተል ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። በዚህ ወር የኃይለኛ ነፋሶችን ስሞች አምስት ስድስት ያህል እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። አንዷ ላይ ቀረሁ፤ ደሬቾ።

ያገኘኋት ስለ አሜሪካዋ አይዋ ግዛት ሳነብ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ዳኮታ የተነሳ ማዕበል በ14 ሰዓት ውስጥ 1,240 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኦሃዮ ደረሰ። የአይዋ ከተማ በሆነችው ሴዳር ራፒድስ ላይ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር እንደነበር ተገምቷል። ስሙ ደሬቾ ነው ይላል።

በጀማሪ ስፓኒሼ "ቀኝ" ማለት መሰለኝና "ከቀኝ የሚመጣ ነፋስ" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስህተት ነበር። እዚህ ቦታ ትርጉሙ "ቀጥታ" ነው። መንገድ ለጠፋበት ሰው "ቀጥ ብለህ ሂድ" ሲሉት የሚጠቀሙባት ቃል ናት።

ለነፋስ የሰጣት ጉስታቩስ ሂንሪክስ ነው። አይዋ ውስጥ ፕሮፌሰር የነበረ፣ በ1875 የግዛቲቱን የአየር ሁኔታ አገልግሎት ያቋቋመ ሰው ነው። ጁላይ 31 ቀን 1877 አይዋን የመታውን ማዕበል አጥንቶ፣ ይህ ቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚሄደው ኃይለኛ ነፋስ፣ አይደለም አለ። በ1888 ባሳተመው ጽሑፍ ደሬቾ ብሎ ሰየመው። ቶርኔዶ "መዞር" ከሚለው የስፓኒሽ ግሥ ከቶርናር የመጣ ነው ብሎ ስላሰበ ለሚዞረው ጥንድ የሚሆን "ቀጥተኛ" ፈለገለት።

እኔን የማረከኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የቶርኔዶ ሥር በዋናነት ትሮናዳ፣ ማለትም ነጎድጓዳማ ዝናብ ነው የሚባለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አፋቸው ላይ ሲያገላብጡት ከቶርናር ጋር ተዳቀለ። ስለዚህ የሂንሪክስ ጥንድ የቆመው በግማሽ እውነት ላይ ነው። ቃሏ ግን ልክ መጣች! ለመቶ ዓመት ያህል ተረስታ ቆይታ በ1987 ሮበርት ጆንስና ዊልያም ሂርት የተባሉ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች እንደገና አነሷት። ደሬቾ ለመባል ጉዳቱ ቢያንስ 400 ኪሎ ሜትር መዝለቅ፣ ነፋሱም በሰዓት 93 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት የሚል መስፈርት አወጡላት።

ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ የገባኝ በውሃ ነው። ከጆግ ውሃ ወለል ላይ ስታፈሱ ግራና ቀኝ ይረጫል አይደል? ዝናብ ደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ ከፊሉ ይተንና አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል፤ መሬት ሲነካ ይረጫል። ፊት ለፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲገፋው ደግሞ አዲስ ነጎድጓድ ይወለዳል። እንዲህ እየተቀባበለ ይነጉዳል። ራዳር ላይ የተለጠጠ ቀስት ይመስላል።

የ2020ውን የበቆሎ ማሳ ፎቶ አስፍቼ አየሁት። አገዳው በማበጠሪያ የተበጠረ ይመስል ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። ቶርኔዶ ባለፈበት ቦታ ግን የወደቁት ዛፎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይተኛሉ። የሂንሪክስ ልዩነት መሬት ላይ ተጽፎ ይነበባል ማለት ነው።

አማርኛ ላይ ስመለስ ተቸገርኩ። ዜናው ሁሉንም "ዐውሎ ነፋስ" ይለዋል። ዐውሎ ሲባል ግን ለእኔ የሚታየኝ አቧራ እያነሳ የሚሽከረከረው ነው፤ ያ ደግሞ ለቶርኔዶ ይቀርባል። ለደሬቾ ከሁሉም የቀረበችኝ ወጀብ ናት፣ ዝናብ ይዞ እየገፋ የሚመጣው ነፋስ። ርቀቱንና ፍጥነቱን ግን አትናገርም። ስለዚህ "ደሬቾ፦ ቀጥ ብሎ ረጅም የሚዘልቅ ወጀብ" ብዬ ጻፍኩና የድሮውን ማስታወሻ ሰረዝኩት። የተሻለ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ በደስታ እቀይረዋለሁ። ቀጣዩ ሳይክሎን ነው፤ ፒዲንግተን የተባለ ሰው ካልካታ ተቀምጦ የተጠመጠመ እባብ እያሰበ ያወጣው ስም።