ሁለት ጋሪዎችና አንድ ኔጌቲቭ ምልክት

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ ሌሊት

የዚህ ሳምንት የሜካኒክስ አሳይመንት አራት ጥያቄዎች አሉት፤ ሦስት ሰዓት የፈጀብኝ ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቴን ቢያደነዝዘውም፣ ዛሬ የገባኝን ነገር ሳልጽፈው መተኛት አልፈለግሁም።

እያንዳንዳቸው 0.5 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ትንንሽ ጋሪዎች ሰበቃ በሌለበት ሐዲድ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት እኩል ስፕሪንጎች አሉ፤ አንዱ የግራውን ጋሪ ከግራው ግድግዳ፣ ሌላው የቀኙን ከቀኙ ግድግዳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ጋሪዎች እርስ በርስ ያያይዛል። የእያንዳንዱ ጥንካሬ 20 ኒውተን በሜትር ነው። የተጠየቀው ጋሪዎቹ በምን ዓይነት አኳኋንና በምን ፍሪኩዌንሲ እንደሚወዛወዙ ነው።

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ለየጋሪው ጽፌ፣ እኩልታዎቹን ወደ ማትሪክስ (የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ቀይሬ፣ ያልታወቀውን ቁጥር ከዲያጎናሉ (ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ከሚወርዱት ቁጥሮች) ቀንሼ፣ የቀሪውን ዲተርሚናንት (ከሠንጠረዡ ተሰልቶ የሚወጣውን አንድ ቁጥር) ዜሮ አድርጌ ስፈታ 1 እና 3 የሚሉ ሁለት አይገን ቫልዩዎች፣ ማለትም የየውዝዋዜውን ፍጥነት የሚወስኑ ቁጥሮች አገኘሁ። ለማረጋገጥ ያህል፣ የማትሪክሱ ዲያጎናል ድምር 4 ነው፤ የሁለቱ ቁጥሮች ድምርም 4። የራሱ የማትሪክሱ ዲተርሚናንት 3 ነው፤ ብዜታቸውም 3። ጋሪዎቹ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የሚናገሩት ሁለቱ አይገን ቬክተሮችም እንደሚጠበቀው እርስ በርሳቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተዋል። አይገን ቫልዩዎቹን 20ን ለ0.5 አካፍዬ ባገኘሁት 40 አባዝቼ ስኩዌር ሩት ሳወጣ 6.32 እና 10.95 ራዲያን በሰከንድ መጣልኝ፤ ቁጥሮቹ ከዶርም ጓደኛዬ መልስ ጋር አንድ ሆኑ። ደብተሬን ልዘጋ ስል ገጼን አየት አድርጋ፣ «ቆዪ እስቲ፤ ፈጣኑ አብረው ሲሄዱ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

አዎ፣ እንደዚያ ጽፌአለሁ። ሁለቱ ጋሪዎች እኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን መካከለኛው ስፕሪንግ አይሳብም፣ አይታመቅም፤ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋሪ የሚታገለው የግድግዳውን ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ ይህ ዝግተኛው መሆን አለበት። በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ደግሞ መካከለኛው በሁለቱም ጫፍ ስለሚሳብ ሁለት እጥፍ ይጎትታል፤ የግድግዳው አንድ እጥፍ ሲጨመርበት ሦስት ይሆናል። እኔ 1ን እና 3ን ያገኘሁት አቀያይሬ ነበር።

ጥፋቱን ፍለጋ ወደ ላይ ስመለስ፣ የመካከለኛውን ስፕሪንግ መርዘም ስጽፍ የጋሪዎቹን መፈናቀል መቀነስ ሲገባኝ ደምሬዋለሁ። ከዲያጎናሉ ውጭ ኔጌቲቭ 1 መሆን የነበረበት ፖዘቲቭ 1 ሆኗል። የከነከነኝ ግን ትክክለኛውም የተሳሳተውም ማትሪክስ የዲያጎናል ድምራቸው፣ ዲተርሚናንታቸው፣ አይገን ቫልዩዎቻቸው አንድ መሆናቸው ነው። የተማመንሁባቸው ማረጋገጫዎች ሁሉ ስሕተቱን ሳያዩት አልፈዋል። በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቤት የቆዩት ወንድ አያቴ፣ ቤቱ ቢመታም ምሥጢሩ ያልቀና ቅኔ የኔታ ፊት እንደማይቆም ሲነግሩን ነገሩ ከሒሳብ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር ሊኒየር አልጀብራ ስንማር አይገን ቬክተር ለፈተና የሚሰላ ነገር ብቻ ነበር። ዴቪድ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1904 የተጠቀመበት የጀርመንኛው «አይገን» የሚለው ቃል «የራስ» ማለት ነው፤ ማትሪክሱ ሲያርፍባቸው የራሳቸውን መስመር የማይለቁ ቬክተሮች ናቸውና። ይህ የራስ መስመር የሚታይ እንቅስቃሴ መሆኑን ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው።

በዓይኔም ማየት ፈለግሁ። በሁለት አልጋዎች ብረት መካከል ሲባጎ አላላ አድርገን አሰርንና የሎከራችንን ሁለት ጓጉንቸሮች በእኩል ክር አንጠለጠልንበት። ሁለቱን አብረን ስንገፋቸው አብረው ቀጠሉ፤ በተቃራኒ ስንለቃቸውም በተቃራኒነታቸው ጸኑ። አንዱን ብቻ ስቤ ስለቀው ግን፣ ጥቂት ተወዛውዞ ጉልበቱ እየከዳው ሊቆም ሲቃረብ፣ ማንም ያልነካው ሁለተኛው በስፋት ይወዛወዝ ጀመር፤ ቆይቶም መልሶ ለመጀመሪያው አስረከበው። አንዱን ብቻ መሳብ የሁለቱ አይገን ቬክተሮች ድምር ግማሽ ነው። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ስለሚሄዱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ ግማሽ ዙር ሲለያዩ በመጀመሪያው ጓጉንቸር በኩል ይጠፋፋሉ፣ በሁለተኛው በኩል ይደመራሉ። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ተመለከትነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ሦስት ጋሪዎችና አራት ስፕሪንጎች አሉት። ማትሪክሱን ከመጻፌ በፊት ቀስቶች ሣልሁ፤ መካከለኛው ቆሞ ዳርና ዳር ያሉት በተቃራኒ ቢሄዱ፣ እያንዳንዱ የዳር ጋሪ በሁለት ስፕሪንጎች ብቻ ስለሚያዝ አንዱ አይገን ቫልዩ 2 መሆን አለበት ብዬ በኅዳጉ ላይ ጻፍሁ። ከዚያ አሰላሁት። 0.59፣ 2 እና 3.41 ወጣ።