ካሜራ ከመግዛቴ በፊት የእናቴን ቴሌቪዥን ማየት ነበረብኝ

እናቴ ያለችው ደሴ ነው። ልጄ ኳስ የሚጫወተው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሁለቱ መሃል እኔ፣ አንድ ዲቪዲ እና ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ አለን። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2007 ነው። እናቴ ጋ ቪዲዮ በስልክ የሚገባበት ዘመን ገና አልመጣም። «የሚሄድ ሰው ካለ ንገሩኝ» ብሎ መጠበቅ ነው።

በደወልኩ ቁጥር ወቀሳ አለ። «አቡሽ ኳስ ይችላል ትለኛለህ፤ ታዲያ አታሳየኝም?» እውነቷን ነው። ካሜራ ልገዛ ወጣሁ።

ስህተቱ የተጀመረው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጩ ትንሽዬ ዲስክ የምትጎርስ ካሜራ አወጣልኝ። ቀጥታ ዲቪዲ ላይ ትቀርጻለች። ዲስኩን ታወጣለህ፣ ማጫወቻ ውስጥ ትከተዋለህ፣ አለቀ። ኮምፒውተር የለ፣ ገመድ የለ። ለሰነፍ ሰው የተሠራች ናት፤ እኔም ወዲያው ወደድኳት።

ዲስኳ 8 ሳንቲ ሜትር ናት። 1.4 ጊጋ ባይት ትይዛለች። በመካከለኛ ጥራት ሲቀረጽባት 30 ደቂቃ ያህል ትሄዳለች፤ በከፍተኛው ጥራት 20 ደቂቃ። የልጄ ቡድን ከ12 ዓመት በታች ስለሆነ አንዱ አጋማሽ 30 ደቂቃ ነው። ሂሳቡ ግጥም አለልኝ። እንደማይገጥም የገባኝ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ነው። ልጆቹ ገና ሲሰለፉ መቅረጽ ጀመርኩ። መሃል ላይ አንዱ እግሩን ተመቶ ጨዋታው ትንሽ ቆመ። መጨረሻ ላይ ልጄ በግራ መስመር ኳስ እየነዳ ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ዲስኩ ሞልቷል የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ጓደኞቹ ላዩ ላይ ተከምረዋል። ጎሉን ካሜራውም አላየው፣ እኔም አላየሁት። ጽሑፉን እያነበብኩ ነበራ!

ይሁን ብዬ የተቀረጸውን ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስደውል እናቴ ፈራ ተባ እያለች፣ «ልጄ፣ ባዶውን ነው መሰል የላክኸው» አለችኝ። ለካ እነዚህ ዲስኮች ከካሜራው ከመውጣታቸው በፊት ፋይናላይዝ መደረግ አለባቸው። ካሜራው ማውጫውን ጽፎ ካልዘጋው ሌላው ማጫወቻ ዲስኩን አያውቀውም። እኔ ሁልጊዜ የማየው በራሱ በካሜራው ስለነበር ሳሎኔ ውስጥ ምንም ችግር የለም። ደሴ ሲደርስ ግን ባዶ ነው።

ከሁሉም የባሰው ግን ሣሩ ነው። ዲቪዲ የሚጠቀመው ኤምፔግ 2 የሚባለውን የመጭመቂያ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ እያንዳንዱን ምስል ሙሉውን አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ምስል ይይዝና ለሚቀጥሉት «ምን ተለወጠ?» እያለ ልዩነቱን ብቻ ይመዘግባል። ለሰርግ ጥሩ ነው። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፣ መጋረጃው አይንቀሳቀስም። ኳስ ሜዳ ላይ ግን ካሜራህ ኳሱን ተከትሎ ዞር ባለ ቁጥር እያንዳንዷ የሣር ቅጠል ቦታዋን ትለቃለች። ሁሉም ነገር ተለወጠ ማለት ነው። ያቺ ሚጢጢ ካሜራ ይህን ሁሉ እዚያው በቅጽበት መጭመቅ አለባት፤ አቅሟ አይደለም። ሣሩ ገንፎ ይሆናል። ኳሱም መሃሉ ላይ እንደ ቅቤ ይሟሟል።

ካሜራዋን በኪሳራ ሸጥኳት። ሁለተኛውን ልገዛ ስነሳ ግን ሱቅ አልሄድኩም። መጀመሪያ ደሴ ላለው የእህቴ ልጅ ደወልኩና ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ አስቆጠርኩት። ቴሌቪዥኑ ባለ 21 ኢንች፣ ኋላው ያበጠ የድሮው ዓይነት። ማጫወቻው የቻይና። ይህን ወረቀት ላይ ጻፍኩና ከዚያ ተነስቼ ወደ ኋላ፣ ወደ ሜዳው መጣሁ።

ወረቀቱ ብዙ ነገር ቀነሰልኝ። ያኔ ወሬው ሁሉ ኤችዲ ነበር። ሶኒና ፓናሶኒክ ኤቪሲኤችዲ የተባለውን ፎርማት ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ ገና ትኩስ ነው። አንድ ጓደኛዬ የራሱን አዋሰኝ። ምስሉ ያምራል፣ አልዋሽም። የኔ ኮምፒውተር ግን ፋይሉን ስከፍትበት ዳገት ላይ እንዳለ አሮጌ የጭነት መኪና ያቃስት ጀመር። ደግሞስ ለማን ነው? በአሜሪካው ሥርዓት የሚሠራ ዲቪዲ ምስሉ 720 በ480 ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የቱንም ያህል ጥራት ብጭንበት እናቴ ጋ የሚደርሰው ያው ነው። ሃርድ ዲስክ ያላቸው ካሜራዎችም ነበሩ። ለረጅም ሰዓት ይቀርጻሉ፤ ግን በዚያ ዋጋ ያየኋቸው የሚቀርጹት በዚያው በኤምፔግ 2 ነው። ገንፎ ቁጥር ሁለት።

የቀረው ሚኒ ዲቪ ነው፣ ባለ ካሴቱ። ሰው «ካሴት? ዛሬም?» እያለ ሳቀብኝ። ሚኒ ዲቪ ግን እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ነው የሚጨምቀው፤ ከጎረቤቱ ምስል አይበደርም። በሰከንድ 25 ሜጋ ቢት ሳይሰስት ይጽፋል። ካሜራውን የፈለግኸውን ያህል አዙረው፣ ሣሩ ሣር ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፤ በፋየርዋየር ገመድ ሲገለበጥ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ካሴቱን ከፍቼ ቡና አፈላ ነበር። ሦስተኛው ስኒ ላይ ያልቃል።

አንዱ ካሴት 60 ደቂቃ ነው። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 30። ካንዴ የተቃጠለ ሰው ይህን ሂሳብ ሁለተኛ አይሠራም። ለእያንዳንዱ አጋማሽ አንድ ካሴት፣ በእረፍት ሰዓት ቅያሪ። በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን የሚካሄደውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለውን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ልቀርጽ ስሄድም ይኸው ደንብ አዋጣኝ። የአዋቂ አንድ አጋማሽ 45 ደቂቃ ነው፤ ተጨማሪ ደቂቃው አያስጨንቅም። እዚያ ያስቸገረኝ ድምፁ ነው። ከጎኔ የነበረው ስፒከር እስክስታ ሲያስመታ የጨዋታው ድምፅ ድራሹ ጠፋ።

የገዛሁት ሦስት ሲሲዲ ያለው የፓናሶኒክ ካሜራ ነው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ የየራሱ ሴንሰር አለው። የማልያው ቀለም ይለያል። ዙሙ በሌንስ 10 እጥፍ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የዲጂታል ዙም ቁጥር ጨርሶ አትመልከቱት። እሱ ምስሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል እንጂ አያቀርብም። እኔ መጀመሪያ ቀን ነው ያጠፋሁት።

ከዙሙ ይልቅ የጠቀመኝ ፎከሱን በእጅ ማስተካከል መቻሉ ነው። ሜዳችን የሽቦ አጥር አለው። ካሜራው ለራሱ ከተተወ ልጆቹን ትቶ ሽቦውን ያፈቅራል። አንዲት እናት ከፊቴ ስታልፍ ደግሞ እሷን ተከትሎ ይሄድና ለመመለስ ይዘገያል። ከጨዋታው በፊት ማዶ ያለውን ጎል አነጣጥሬ ፎከሱን እቆልፈዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢያልፍ ግድ የለኝም።

አሁን ወደ ሁለቱ የቴሌቪዥን ሥርዓቶች፣ ወደ ፓል እና ኤንቲኤስሲ ጣጣ እንምጣ። አሜሪካ ያኔ ይሠራበት የነበረው ኤንቲኤስሲ በሰከንድ 30 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ምስል አለው። አገር ቤት እንጠቀምበት የነበረው ፓል 25 ነው፤ መስመሮቹ ደግሞ 576። የመጀመሪያው የካሴት ዲቪዲዬ ደሴ ሲደርስ ተከፈተ፤ ግን ያለ ቀለም። እናቴ ቅር አላላትም። «የድሮ ፊልም አስመሰልከው፣ ያምራል» አለችኝ። እኔ ግን ስለ ቀይዋ ማልያ ስንት ዶላር እንደከፈልኩ አውቀዋለሁ!

የፓል ካሜራ ከሌላ አገር ላስመጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። በሶፍትዌር ወደ ፓል ልቀይረውም ሞከርኩ፤ 30ውን ወደ 25 ሲያወርደው ሩጫው ሁሉ አነከሰ። መፍትሔው የተገኘው በስልክ ነው። የእህቴን ልጅ «ሪሞቱን አምጣና ያሉትን ቁልፎች በሙሉ አንብብልኝ» አልኩት። ማንበብ ጀመረ። ከታች በኩል አንድ ላይ ኤን እና ፒ የተጻፈባት ቁልፍ አለች አለ። «እስቲ እሷን ተጫናት።» ጸጥ አለ። ከዚያ ከበስተጀርባው የእናቴ ድምፅ መጣ፦ «ውይ! ቀይ ነው እንዴ የለበሰው?» ማጫወቻው ራሱ ወደ ፓል ይቀይረው ነበር፤ ማንም አላዘዘውም እንጂ። ብዙ የቻይና ማጫወቻዎች ይህች ቁልፍ አለቻቸው። ካሜራ ከማስመጣታችሁ በፊት ሪሞቱን አስነብቡ።

በዚህ ተኩራርቼ ሳለ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። የቡድኑ ወላጆች ዲስኩን ሰምተው «ለእኛም» አሉ። 14 ቅጂ ራይት አደረግኩ። ኮምፒውተሬ ላይ አይቼዋለሁ፣ ጥርት ያለ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዱ አባት ደወለ። «ወንድሜ፣ ኳሱ ይንቀጠቀጣል። ወደፊት ሄዶ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ራሴን አዞረኝ።»

ነገሩ ይህ ነው። እነዚህ ካሜራዎች አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍለው ነው የሚቀርጹት። አንዱ ግማሽ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚወርደውን መስመር ይይዛል፤ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛውን። በሁለቱ መካከል የሰከንድ 60ኛ ያህል ልዩነት አለ። ለስፖርት መልካም ነው፤ እንቅስቃሴው እንደ ውሃ ይፈሳል። ሚኒ ዲቪ የታችኛውን ግማሽ፣ ማለትም 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ የሚለውን፣ ያስቀድማል። እኔ ዲቪዲውን ስሠራ ፕሮግራሙ ላይ የላይኛው ይቅደም የሚለውን ትቼዋለሁ። ስለዚህ ኋላ የመጣው ቀድሞ ይታያል፣ ቀድሞ የመጣው ኋላ። የቆመ ሰው ላይ ምንም አይታወቅም። የሚሮጥ ልጅ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ ይሆናል። የኮምፒውተር ስክሪን ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ስለሚያሳይ ጥፋቱን ይደብቀዋል። 14ቱም ዲስክ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰው የጣለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ከመንገድ አንስቼ ምድር ቤት አስቀመጥኩ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። በዚያ ቴሌቪዥን ሳላይ ግን ዲስክ ከቤት አይወጣም።

የዲስኩ መጠን ሂሳብ ቀላል ነው። ባለ 4.7 ጊጋ ባይት ዲስክ ላይ የ60 ደቂቃ ጨዋታ በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ስትጽፍ 3.6 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ ድምፁን ስትጨምርበትም ቦታ ይተርፋል። ደንቡ እስከ 9.8 ይፈቅዳል፤ ራይት የተደረገ ዲስክ ላይ ግን እዚያ ጥግ መድረስ ለአሮጌ ማጫወቻ ይከብደዋል። ሦስት ጨዋታ አንድ ዲስክ ላይ ልጠቅጥቅ ብትል ከ3.5 በታች ትወርዳለህ። ያኔ ገንፎው ይመለሳል። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ዲስክ። ራይት ሳደርግም ዝቅ ባለው ፍጥነት ነው።

ስለ አቀራረጽ ብዙ ማለት ይቻላል። ትራይፖድ ይኑር፣ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ውጣ፣ ኳሱ ከሚሄድበት ፊት ለፊት ቦታ ተው። እኔ ይህን ሁሉ አሟልቼ፣ እንደ ቴሌቪዥን ባለሙያ ሜዳውን በስፋት እያሳየሁ ላክሁ። የእናቴ አስተያየት አንድ መስመር ነበር፦ «ኳሱን ብቻ ነው እንዴ የምታሳየኝ? ልጁ የታለ?» በሰፊው ሜዳ ላይ ልጄ የጥፍር ያህል ነው። ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ፣ በእሷ ዓይን፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ካሜራውን አውርጄ ወደ ልጆቹ እሄዳለሁ። ብርቱካን ሲበላ፣ ካልሲውን ሲጎትት፣ ሲስቅ። በእያንዳንዱ ዲስክ መጀመሪያ ላይ ሁለት ደቂቃ ይህን አስገባለሁ። ጨዋታው ከዚያ ይቀጥላል።

አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለ፤ ማይኩ ከአፌ አጠገብ ነው። ሁሉም ዲስክ ላይ «ተመለስ! ተመለስ እንጂ!» የሚል ሰው ይጮሃል። እናቴ ስለዚህ እስካሁን ምንም አላለችም።

ባለፈው የእህቴ ልጅ መልእክት ላከልኝ። ዛሬ እሱም ስማርት ስልክ አለው፣ እኔም አለኝ፤ ልጄ ደግሞ ኳሱን ትቶ ሥራ ይዟል። እናቴ ግን ቪዲዮ በስልክ ስናሳያት «ይህ ያልቅበታል» ትላለች። የአንዱ ዲስክ ፊት ተጭሮ 23ኛው ደቂቃ ላይ እየዘለለባት ነው። ካሴቱ አልጋ ስር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ አለ። ትናንት ማታ የድሮውን ላፕቶፕ አወጣሁ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ቡናውን ጣድኩ። በሚቀጥለው ወር የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ።