ጊዛ ነው ስላችሁ ስሙኝ፦ የድሮ ጠመዝማዛ ደረጃ ጥገና በደሴ

ደሴ ውስጥ የድሮ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ያለው ቤት ካላችሁ፣ በያጅ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ጊዛ የምለው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት እርከኖቼ እንደዚያ ባልተጎዱ ነበር።

ቤታችን ጣሊያን በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ እንደተሠራ ይነገራል። ታቹ ሱቅ ነው፣ ላዩ መኖሪያ። ላይ የምትኖረው እናቴ ናት። የምትወጣበትም የምትወርድበትም ከጓሮ ያለው ይኸው ደረጃ ብቻ ነው። መሀሉ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል። እርከኖቹ አንገታቸው ምሰሶው ውስጥ እየገባ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ይዞራሉ። እያንዳንዱ እርከን በአበባ ቅርጽ የተበሳ ነው። «አፍርሰሽ በቤቶን አሠሪው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እምቢ አልኩ። ዛሬም እምቢ በማለቴ እኮራለሁ።

ዝገቱንና የድሮውን ቀለም መፋቁ ብዙ ወሬ አይፈልግም። የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። በድሮ ብረት ላይ ከሥር የሚገኘው ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) አለበት፤ መርዝ ነው። በደረቁ በግራይንደር አታቡኑት። እያረጠባችሁ ፋቁት፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ፍቅፋቂውን ጓሮ አትድፉት፣ በላስቲክ ሰብስቡት።

የተቃጠልኩት እዚህ ላይ አይደለም። የተሰነጠቁት እርከኖች ላይ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደተሰነጠቁ ልንገራችሁ። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በልግም ክረምትም ይዘንብባታል፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ውሃው እርከኑና ምሰሶው የሚገናኙበት ቦታ ገብቶ ይቀራል። እዚያ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ እያበጠ ይገፋል። ተራ ብረት ሲገፉት ይጎብጣል። ጊዛ ግን መጉበጥ አያውቅም። ይሰነጠቃል።

የኛ ደረጃ መደገፊያው ተራ ብረት ነው፣ እርከኖቹ ግን ጊዛ ናቸው። መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ቀለሙ በተፋቀ፣ በማይታይ ጥግ ላይ ግራይንደር ነካ አድርጉት። ተራ ብረት ረጅምና ደማቅ ብልጭታ ይረጫል፤ የጊዛ ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው። በድሪል ስትበሱት ተራ ብረት እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ጊዛ ግን ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ይህን የሚያሳይ ሰው ደቂቃም አይፈጅበትም።

እኔም አሳይቼ ነበር። ለጥገናው ፈቃድ ያስፈልጋል ተብዬ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ብዙ ተመላልሼ የተሰጠኝ ወረቀት «የተሰበሩ ክፍሎች ፈቃድ ባለው ድርጅት በብየዳ ይጠገኑ፤ ደረሰኝ ይቅረብ» ይላል። ቤቱን መጥቶ ያየ ሰው የለም። ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልዬ ወስጄ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

«ይኸው፣ ጊዛ ነው። በተራ ብየዳ ይሰነጠቃል» አልኳቸው።

«እኅቴ፣ ብረት ብረት ነው» አሉኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ብረት ብረት አይደለም! ጊዛ ውስጥ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ካርቦን አለ። በየግቢያችን በር የሚሠራበት ተራ ብረት ውስጥ ግን ከመቶ ከ1 እጅ በታች ነው። ጊዛን በተራ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ስትበይዱት ብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ መለጠጥ ስለማይችል ይበጠሳል። ይህ ለባለሙያ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ፈቃድ ያለው ድርጅት ፈለግኩ። የመጡት ልጆች ጎበዝ ይመስላሉ። «ኒኬል ኤሌክትሮድ ይዛችኋል? ቀድማችሁ ታሞቁታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አታስቢ፣ ስንት ደረጃ ሠርተናል» አሉ። የያዙት ለበርና ለመስኮት የሚጠቀሙበትን ተራውን ኤሌክትሮድ ነው። ሁለት እርከን በየዱ። ማታውን ብርዱ ሲገባ እናቴ «ጠ» የሚል ድምፅ ሰማች። ጠዋት ሳይ የተበየደው መስመር ደህና ነው። ከጎኑ ግን አዲስ ስንጥቅ ወጥቷል፣ ከፊተኛውም ይረዝማል። ሁለተኛው እርከን ጫፉ ተገንጥሎ ነበር።

ድርጅቱ ምን አለ? «ብረቱ አርጅቷል።» ገንዘቤን አልመለሱም። ቢሮው ደግሞ ደረሰኙን አይቶ ደስ አለው። ለነሱ ሥራው አልቋል፤ እናቴ በዚያ ደረጃ መውረድ አትችልም። የኔን ንዴት አስቡት።

የዳንኩት ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አንድ የቶርኖ (ብረት መቅረጫ) ቤት ያላቸው ሐጂ ጋ ሄድኩ። የተገነጠለውን ቁራጭ አገላብጠው አዩት፣ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ማነው በዚህ ላይ እሳት ያነደደው?» አሉ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ደረጃሽ ገና ብዙ ዘመን አለው። እሳቱን ብቻ አርቂለት።»

ጊዛ ጭራሽ አይበየድም ማለት አይደለም። በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ሙሉውን አሙቆ፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ በማድረግ ይቻላል። ግን እርከኑ መውጣት አለበት። አንዱን የታች እርከን ለማውጣት ከላዩ ያሉትን ሁሉ ከምሰሶው መንቀል ነው። ስለዚህ ሐጂ የመረጡት ብሎን ነው። በስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ በድሪል በሱ፤ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከሥር በእርከኑ ቅርጽ የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ አደረጉ። መሀሉን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተው በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ አሠሩት። ቀዳዳውን በመዶሻ ምልክት አላደረጉም፤ ጊዛ በመዶሻ ይሰነጠቃል። ዳዶውንም ከልክ በላይ አላጠበቁም። ከላይ ምንም አይታይም፣ አበባው እንዳለ ነው።

ተቆጣጣሪው መጣና «ብየዳው የታለ?» አለኝ። ወረቀቱ ብየዳ ስለሚል አልቀበልም አለ። እዚህ ላይ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ፣ በኔ ሠርቷል። አትለማመጡ። «የማትቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። መጻፍ የሚፈልግ አልተገኘም። ማህተሙ ተመታ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ ማመልከቻችሁ ላይ «ብየዳ» የሚለውን ቃል አለማስገባት ነው። «ጥገና» ብቻ በሉ። ወረቀት ሲሰጧችሁም ከቢሮው ሳትወጡ አንብቡት።

ያው ቢሮ የምሰሶውን እግር ዙሪያ ሲሚንቶ እንድሞላበትም መክሮኝ ነበር፣ «ለጥንካሬ»። አላደረግኩትም። ሲሚንቶና ብረት መሀል በምትቀረው ክፍተት ውሃ ገብቶ ይተኛል፣ ምሰሶውም ከእግሩ ይበላል። እንዲያውም የድሮውን ሲሚንቶ አስፈልፍዬ፣ ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ መሬቱን ዘቅዘቅ አስደረግኩ። ምሰሶው ውስጡ ባዶ ከሆነ ደግሞ አናቱን በደንብ ክደኑት።

ለቀለም ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ። ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ፣ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሳይገባ አቁሙ። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ቀለሙ አይዝም፤ ጉም ባለበት ቀን ብሩሽ አታንሱ። የፋቃችሁትን በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡት፤ ባዶ ብረት በደሴ ብርድ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀለም ሻጩ «ሁለቱንም ዙር ባንድ ቀን ጨርሺው» ብሎኝ ነበር። አትስሙት፣ አንዱን አሳድራችሁ ሁለተኛውን ደግሙ።

አሁን በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ደረጃውን አጥባለሁ። የእርከኖቹን አንገት በባትሪ አያለሁ። ዳዶዎቹን በእጄ ነካ አደርጋለሁ። ቀለም የተነሳበትን ቦታ ለብቻው ፍቄ እቀባለሁ፤ ሙሉውን መቀባት በየዓመቱ አያስፈልግም። ጨው ያለበት ውሃና በረኪና አላስነካውም። ከባድ ዕቃም በዚህ ደረጃ አይወጣም። ፍሪጅ ከሆነ በረንዳ ላይ በገመድ ይሳባል፤ የእናቴ ፍሪጅ የወጣው እንደዚያ ነው።